ጥቁሩ ድንጋይ ሳይፈስ የኖረች አዳኝ፦ የሳይንስ ክበብ ዘገባ

ዓመቱ የተጀመረው በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ አፋር ላይ ይህ ሁሉ የጥንት አጥንት ሲገኝ እኛ ደጀን ላይ ለምን የለም?» አለኝ። ደስ አለኝ። የዓመቱን ሥራም ከዚያ ጀመርን።

መጀመሪያ አባይን በካርታ ተከትለን ግብፅ ወረድን። እዚያ፣ ፋዩም በረሃ ውስጥ፣ 34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ትንሽ ሥጋ በል አጥቢ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። ስሟ ማስራሴክተር ናናኑቢስ ነው፤ የወጣላትም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። «ማስር» ግብፃውያን አገራቸውን የሚጠሩበት ነው፤ የእኛም አባቶች ምስር ይሉ ነበር። «ሴክተር» በላቲን ቆራጭ ማለት ነው። አኑቢስ ደግሞ የቀበሮ ራስ ያለው የጥንት አምላካቸው ነው።

ከድመት አትበልጥም። በምድር ላይ እየሮጠች ታድን ነበር። ወገኖቿ ሃያኖዶንቶች ይባላሉ፤ ስማቸው ጅብን ቢያስታውስም የጅብ ዘር አይደሉም፤ ሁሉም ጠፍተዋል።

ልጆቹን የያዛቸው ጥርሷ ነው። ድመት በየጎኑ እንደ መቀስ የሚቆርጥ አንድ ጥንድ ጥርስ አላት። ሃያኖዶንቶች ግን ከአንድ በላይ፣ ተከታትለው የተሰለፉ ነበሯቸው። የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ ድመት ሥጋ ስትበላ አንገቷን ለምን ታዘነብላለች? በማግስቱ ክፍሉ ገበያ ሆነ። አንዷ ልጅማ የድመቷን አኳኋን ተነሥታ አሳየችን።

ከዚያ የማስራሴክተርን መንጋጋ በጭቃ አጉልተን ቀረጽን። የመጀመሪያው ፀሐይ ላይ ተሰነጠቀ። አንድ ተማሪ «ለቤት ምርጊት ጭድ ይገባ የለ?» አለ። የጤፍ ጭድ ጨመርን፤ ሁለተኛው ጸና።

በመጋቢት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን የአባይን ሸለቆ አየን። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እሷ አይጥ ስታሳድድ እኛ የቆምንበት መሬት ገና አልነበረም! ልጆቹ ዝም አሉ። እኔም ይህን ስናገር ሁልጊዜ ይሰማኛል።

ጠያቂው ልጅ መልሱን ራሱ አገኘው። አጥንት የሚቆየው ደለልና አሸዋ ሲቀብረው ነው፤ ከእግራችን ሥር ያለው ግን የቀለጠ ድንጋይ ነበር። ከሱ በታች ያለው የኖራ ድንጋይ ደግሞ በዳይኖሰሮች ዘመን የባሕር ወለል ነበር። «እንግዲያው ታች ወርደን የምንፈልገው ዛጎል ነዋ» አለ።

መንጋጋው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሦስት ጥርስ ይቀረዋል፤ መስከረም ላይ እንጨርሰዋለን።