ያቺን አሥር ሳንቲም ፈልጊልኝ

ውዴ፣

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሳቄ መጣ። እኔና አንቺ ጤና ይስጥልኝ የምንባባል ሰዎች ሆንን እንዴ? እንደ ድሮው ይሁን፦ አንቺ ጉደኛ፣ እንዴት ነሽ?

እሺ፣ መጀመሪያ ያንን ላውጣው። ለእትዬ ለቅሶ አልመጣሁም። የቀብሯ ዕለት ከከተማ ውጪ ነበርኩ፣ እሱ እውነት ነው። ከተመለስኩ በኋላ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ ነበር። ሰልስቷ አለፈ። አርባዋ ላይ እሄዳለሁ አልኩ። አርባዋ ሲደርስ ደግሞ በምን ፊቴ አልኩ። ሙት ዓመቷም አለፈ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሞላ። ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ላይ ብዙ ከጻፍኩ አለቅሳለሁ፣ ልለፈው።

የጻፍኩልሽ ለቁም ነገር ነው። አሥር ሳንቲም ፈልጌ ነው።

አትሳቂ። እትዬ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የምትሰጠንን፣ ያቺን ቢጫዋን። አንድ ብቻ። ልጄ ውሸታም ብሎኛል፤ ስሜን የምታጸዳልኝ እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ሄድን።

አዎ፣ ያለ አንቺ። አውቃለሁ። በ2016 መስከረም ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው "አሁንም ካልሄድን መቼ ልንሄድ ነው?" ብለሽ የላክሽልኝ መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ያኔ እትዬ ደህና ነበረች። የሻሸመኔውን ጉድማ አታንሺብኝ፤ እዚያች ከተማ በደረስን ቁጥር ባለቤቴ "እዚህ ነው አይደል?" እያለ ይስቅብኛል።

ልጆቹ የሴሚስተር እረፍት ላይ ነበሩ። ሌሊት 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወጣን። 400 ኪሎ ሜትር ከሁለት ልጅ ጋር ምን እንደሚመስል ለአንቺ አልነግርም። ግን አዳባን አልፈን ጋይሳይ ሜዳ ስንገባ መኪናው ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ከርከሮዎች መንገድ ዳር ናቸው። የፊት እግራቸውን አጥፈው፣ ተንበርክከው ነው ሣር የሚግጡት። ትንሿ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ አየቻቸውና "እማዬ፣ እየሰገዱ ነው?" አለች። አባቷ ቀበል አድርጎ "አዎ፣ ዓቢይ ጾም ደርሷል" አላት። እስከ ዲንሾ ድረስ በሹክሹክታ ነው ያወራችው።

ዲንሾ አደርን። ብርዱን አትጠይቂኝ። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር።

የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው እዚያ ነው። ጥድና ኮሶ የሞላበት ጫካ ነው፣ ልጅ ይዞ በእግር ለመሄድ የሚመች። በፍርግርግ ጀርባ የሚታይ እንስሳ እንዳይመስልሽ። አጋዘኖቹ ማንም ስለማይነካቸው ሰው መፍራቱን ትተውታል። አስጎብኚያችን ልጅ እግር ነው። ሕጉ አጭር ነበር፦ አትጩኹ፣ አትሩጡ፣ ምንም አታብሏቸው፣ እኔን አትቅደሙ።

አራተኛውን ያፈረሰው ማን ይመስልሻል?

አንድ ወንድ የደጋ አጋዘን ኮሶ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። ፎቶ ፎቶ አለኝ። ልጁን በትከሻው ያዝኩና "ትንሽ ጠጋ በል፣ ትንሽ ብቻ" እያልኩ ወደፊት ገፋሁት። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። አጋዘኑ ተነሳ። መጀመሪያ የኋላ እግሩን አቆመ፣ ከዚያ ፊቱን፣ ከዚያ ቀንዱ መጣ፣ መጣ፣ አላልቅም አለ። ተጠማዞ ወደ ላይ የወጣ ነው፤ ከክንዴ ይረዝማል። በዓይኖቹ መሃል በብሩሽ የተሳለች የምትመስል ነጭ መስመር አለች። ጉሮሮው ላይ ሌላ ነጭ። ከአፍንጫው የሚወጣው ትንፋሽ በብርዱ ይጨሳል። አንዲት የሣር ሰበዝ ከከንፈሩ ተንጠልጥላ ነበር። ማኘኩን አቆመ። ሰበዟም ቀጥ አለች።

"እህቴ፣" አለኝ አስጎብኚው በቀስታ፣ "ወደ ኋላ። እየሮጥሽ አይደለም። እያየሽው።"

ወደ ኋላ ተመለስን። ምንም አልሆነም። አጋዘኑ ንቆን ማኘኩን ቀጠለ። ግን ልጁ እጄን ለቆ የአስጎብኚውን እጅ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ጠዋቱን ሙሉ የያዘው የሱን እጅ ነው። ለባለቤቴ እንኳን ይህን አልነገርኩትም። ያየ አይመስለኝም፤ ጋቢውን እያስተካከለ ነበር።

ከዚያ "ቁጭ በሉ" አለን። መሬት ላይ። "እናንተ አትሂዱባቸው። ዝም ካላችሁ እነሱ ይመጣሉ።" ትንሿን ዝም ማሰኘት እንዴት ነው ብዬ ሰጋሁ። ለካ ችግሩ እኔ ነኝ፤ ሁለቴ "ሽሽ" የተባልኩት እኔ ነኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ሴቶቹ መጡ። ቀንድ የላቸውም፤ ጆሯቸው ግን ትልልቅ ነው፣ አንዱ ወደኛ አንዱ ወደ ጫካው ይዞራል። አንዷ በጣም ከመቅረቧ የተነሳ ሣሩን ስትነጭ ድምፁ ይሰማ ነበር። ቅጭ፣ ቅጭ። ልጄ ትንፋሹን ይዟል።

ስትሄድ አስጎብኚው በሹክሹክታ አወራን። የሚኖረው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ሳይንስ ያወቀው በፈረንጆቹ 1908 ነው፤ ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች መጨረሻ የታወቀው እሱ ነው። (የባሌ ሰውማ መቼ ሳያውቀው ቀርቶ! እነሱን የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ።) እኔም አፌ አያርፍ፣ "እኛ እኮ በአሥር ሳንቲም ነው የምናውቀው" አልኩ።

ልጄ "የምን ሳንቲም?" አለ።

አስቢው። አሥር ሳንቲም በእጁ ይዞ አያውቅም። በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላ በኩል ይሄ አጋዘን አለበት አልኩት። ሰው ሁሉ "ዘውድ ወይስ ጎፈር" ሲል እኛ "አንበሳ ወይስ አጋዘን" እያልን እንደምንጥል ነገርኩት። ስላንቺ ነገርኩት። ስለ እትዬም። ደስ አለው። ያን ቀን አምኖኝ ነበር።

በማግስቱ ነው የተበላሸው። ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ ወጣን። ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ነው። ባለቤቴን ራስ ምታት ቀሰፈውና መኪና ውስጥ ቀረ። ኩራቱን ታውቂዋለሽ፣ "መኪናውን ልጠብቅ" ነው ያለው። ከማን እንደሚጠብቀው እንጃ። ከጅብራና ከንፋስ በቀር አካባቢው ላይ ምንም የለም።

ቀይ ቀበሮዋን ያየናት እዚያ ነው። ረጅም እግር፣ ቀይ ጸጉር፣ ነጭ ጉሮሮ። ጉድጓድ አፍ ላይ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቆማለች። ፍልፈሉ ግማሽ አካሉን ብቻ ብቅ ያደርጋል፣ በዙሪያው ያለውን ሣር ይነጫል፣ መልሶ ይገባል። እሷ አንድ እግር ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ፍልፈሉ ይወጣል። እሷ ሐውልት ትሆናለች። ዘለለች። አፈር ብቻ! ትንሿ ለፍልፈሉ አጨበጨበች። ትልቁ ደግሞ "ምሳዋን አጣች" ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ እስካሁን አልታረቁም።

አስጎብኚው በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ነገረን። ትልቁ ጠላታቸው ጥይት አይደለም፣ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ይተላለፍባቸዋል፤ አንዴ ከገባ መንጋውን ይጨርሳል። ስለዚህ በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ ይከትባሉ።

ልጄ ወደኔ ዞረ። "የኛ ውሻ ተከትቧል አይደል?"

"እንዴታ!" አልኩት።

የኛን ውሻ ታውቂዋለሽ። እንኳን ሊከተብ ታጥቦም አያውቅም። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል? ቤት እንደገባን ጫማውን ሳያወልቅ "ወረቀቱ የታለ?" አለኝ። የምን ወረቀት? ሲከተብ ወረቀት ይሰጣሉ፣ አስጎብኚው ነግሮኛል አለ። ያ እጁን ይዞ ሲሄድ የነበረው ልጅ እግር ይህን ሁሉ አስተምሮታል። ሰኞ ውሻውን ወስጄ አስከተብኩ። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። አየውና "የሳንቲሙም ውሸት ነው" ብሎኝ ሄደ።

ከኢንተርኔት ፎቶ አሳየሁት። "ፎቶማ ዛሬ ማንም ይሠራል" አለ። ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ፤ አንዱ ባለ ሱቅ አዝኖልኝ አንድ ብር ሊሰጠኝ ነበር።

እና አንቺ ትዝ አልሽኝ። ማለት፣ ሁልጊዜ ትዝ ትይኛለሽ፣ ግን ያቺ የእትዬ የብስኩት ቆርቆሮ ትዝ አለችኝ። ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረችው፣ ቁልፍና መርፌ የሞላባት። ሥሯ ላይ ሳንቲም አይጠፋም ነበር። አሁንም አለች? ዕቃዋን ነካክተሽ ከሆነ... ካልነካሽም እሺ። ለዚህ ብለሽ እንዳትከፍቺው። ወይም እኔ እያለሁ ብትከፍቺው ይሻል ይሆን? አላውቅም። ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ከዚህ በኋላ ድፍረቱ አይገኝም። ሰሃን ማን ይጠብ ብለን ስንጥል ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ አልነበርኩም? እትዬ ታጭበረብር ነበር። መዳፏ ላይ በአውራ ጣቷ ስትገለብጣት አይቻታለሁ። እንግዳ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ወይም እናቴ እንደዚያ ዓይነት ሰው ስላልነበረች። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ጠቀሰችኝ። አልነገርኩሽም። አንቺ ያን ሁሉ ዓመት አጋዘን አጋዘን እያልሽ ሰሃን ስታጥቢ እኔ በረንዳ ላይ ከረሜላ እበላ ነበር።

ዲንሾ ላይ ያቺ ሴቷ አጋዘን ስትጠጋን ያሰብኩት ይህን ነበር። ለቅሶዋን ሳይሆን ጥቅሻዋን።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ይዤ እመጣለሁ። እንዲመቸኝ ብለሽ ሰው እንዳትሰበስቢ፣ እንዳትደግሺም። ሰሃን ካለ እኔ አጥባለሁ። ሳንቲሙ ባይገኝም እመጣለሁ።

ያንቺው፣
አጭበርባሪዋ