«ይመቻቻል» የሚለውን ቃል ላሰረዛችሁን ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት ከሐረር

ለጀጎልና ለሸዋ በር ነዋሪዎች፣ ለሶፊ፣ ለኤረርና ለድሬ ጠያራ ገበሬዎች፣ ለአፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) እና ለዕድር ሰብሳቢዎች፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ ለተርጓሚዎች፤

ሐረሪ ክልል የንጹህ ኃይልና የአየር ንብረት አዋጅ እንዲያወጣ ያቀረብነው ሰነድ በሕዝብ ውይይት ታይቶ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቷል። አዋጅ አልሆነም፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። እዚህ የደረሰው ግን በእናንተ ነውና ምስጋናችን ሳይውል ሳያድር ይድረሳችሁ። ማን ምን እንዳደረገ ዘርዝረን የምንጽፈው ለወግ ብቻ አይደለም፤ ነገ ድሬዳዋም ይሁን ሌላ ከተማ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ የሚነሳ ሰው እንዲጠቀምበት ነው።

በቅድሚያ የሕግ ባለሙያዎቹን እናመሰግናለን። የመጀመሪያው ረቂቅ የመብራት ታሪፍ ይቀነስ፣ የሶላር ዕቃ ከቀረጥ ነጻ ይግባ ይል ነበር። ሁለቱም የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው፤ የክልል ምክር ቤት ቢፈልግ እንኳ አይወስንባቸውም። እንዲህ ያለ አንቀጽ ደግሞ ብቻውን አይወድቅም፣ ጎረቤቱንም ይዞ ይወድቃል። ሕገ መንግሥቱን ዘርግታችሁ አንቀጽ 52 ለፌዴራል ተለይቶ ያልተሰጠው ሥልጣን የክልል መሆኑን፣ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲ ላይ የመመከርና ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳለው አሳያችሁን። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረትም ክልል ከፌዴራሉ የጠበቀ የአካባቢ ደረጃ ማውጣት ይችላል፤ የላላ ግን አይችልም። በዚህ ምክንያት ሰነዱ ታሪፉን ትቶ ክልሉ በእጁ ወዳሉት ነገሮች ዞረ፦ የግንባታ ፈቃድ፣ የውኃ አገልግሎት፣ የመሥሪያ ቤቶች ግዥ።

ተርጓሚዎቻችን የሠራችሁት ከትርጉም በላይ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ስለሆኑ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ሰነድ መንገድ ላይ ይቀራል። እናንተ ግን በየመስመሩ ቆማችሁ «ማን?» እያላችሁ ጠየቃችሁ። «ይመቻቻል»፣ «ይበረታታል»፣ «አስፈላጊው ይደረጋል»፤ አማርኛችን አድራጊውን ሸሽጎ በሚያምር ግስ መጨረስ ይወዳል፣ እኛም ወደነው ነበር። አሁን እያንዳንዱ አንቀጽ የትኛው ቢሮ፣ እስከ መቼ፣ ከየትኛው በጀት ብሎ ይናገራል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወጪ ያለበት ጥያቄ ሰኔ ላይ ከቀረበ ብዙውን ጊዜ ዓመት ይጠብቃል።

የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የምጣዱን ነገር ባታነሱ ኖሮ ሰነዱ ስለ ፀሐይ ኃይል ብቻ ያወራ ነበር። እንጨትና ከሰል የሚቀንሰው እንጀራ በመብራት ሲጋገር ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር ማለት ነው። በብዙ አሮጌ ቤት ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ለአምፖል የተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ በእሱ ላይ ምጣድ በዲቫይደር ይሰካል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ሽቦው ሳይሆን መጋጠሚያው ነው፦ ተጠምዝዞ በቴፕ የታሰረው ሽቦ ወይም ብሎኑ የላላ ሶኬት ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ይቀልጣል። እናቶች «መብራት ሲያንስ ምጣዱ ያሾፋል» የሚሉትም እውነት ነው፤ 220ው ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፣ አንዷ እንጀራ ቢያንስ የአንድ ተኩል እንጀራ ጊዜ ትበላለች። እናም አዲስ የግንባታ ፈቃድ ለምጣድ ብቻ የተለየ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር፣ ባለ 25 አምፒር ብሬከርና የመሬት መስመር (ኧርዝ) እንዲጠይቅ ተጽፏል። ቤቱ ሲሠራ ወጪው ትንሽ ነው፤ ግድግዳ ከተለሰነ በኋላ ግን መዶሻ ያስፈልጋል።

የውኃ ባለሙያዎች ደግሞ ሐረር መብራት እንደምትጠጣ በቁጥር አስረዳችሁ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀ ወዲህ ከተማዋ በድሬዳዋ በኩል ካለው ከሐሰሊሶ የሚገፋ ውኃ ትጠቀማለች። ድሬዳዋ 1200 ሜትር፣ ሐረር 1900 ሜትር አካባቢ ናቸው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 700 ሜትር ለማውጣት ብቻ 1.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ የፓምፕና የሞተር ብክነት ሲጨመር 3 ገደማ ይደርሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የደንገጎ ሽቅብና በቧንቧው ውስጥ ያለው ፍትጊያ ገና አልተቆጠሩም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንግዲህ ባለ 10 ዋት አምፖል ስድስት ሰዓት የሚያበራ ኃይል ተሸክሞ ነው ቤት የሚገባው። መንገድ ላይ የሚፈሰው ውኃ የሚፈሰው ብቻውን አይደለም። የውኃ አገልግሎቱ በዓመት ስንት ሜትር ኩብ ገፋ፣ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ፈጀ፣ ስንቱ መንገድ ላይ ቀረ የሚለውን ለሕዝብ እንዲያወጣ የሚያዝዘው አንቀጽ የእናንተ ነው። ከሰነዱ ሁሉ እኛ የምንወደው እሱን ነው።

የኤረር ገበሬዎች ያልጠበቅነውን ነገራችሁን። የናፍጣ ፓምፕ በፀሐይ ይተካ ስንል የዘነጋነው ነገር ነበር፦ ናፍጣ ውድ ስለሆነ ሰው ፓምፑን ያጠፋል፤ ፀሐይ ግን ሒሳብ አትጠይቅምና ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል፣ የጉድጓዱም ውኃ ይወርዳል። ሐረማያን ካደረቁት ነገሮች አንዱ ገደብ ያልነበረው የመስኖ ፓምፕ መሆኑን እዚህ አገር ማስታወስ አያስፈልግም። የሶላር ፓምፕ ድጋፍ ከውኃ ቆጣሪና ከጉድጓድ ፈቃድ ጋር የታሰረው ለዚህ ነው።

የቅርስ ባለሙያዎች፣ በጀጎል ጣሪያ ላይ ፓነል እንዳይቸነከርና ከመንገድ እንዳይታይ ያላችሁት ሰነዱ ውስጥ ገብቷል። የአፈር ጣሪያ በተበሳ ቁጥር ያፈሳልና ነገሩ የውበት ብቻ አልነበረም።

አፎቻዎችና ዕድሮች፣ ፊርማ ስትሰበስቡ ጥያቄውን በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ በማስጻፋችሁ ወረቀቱ ተረፈ። ራስጌ የሌለው ገጽ ከሌላው ሲለያይ የስም ዝርዝር ብቻ ይሆናል፣ ማንም ምን ለማለት እንደፈረመ አይታወቅም። ወረዳና ቀን ያልተጻፈበትም እንዲሁ።

ሊቃወሙ ለመጡት ከሰል ሻጮችም ምስጋና ይገባል፤ ይህን ስንል ለጨዋነት አይደለም። ከሰል ይከልከል የሚለው አንቀጽ በእናንተ ክርክር ከሰነዱ ወጥቷል። ክልሉ ትንሽ ነው፣ ዙሪያውን በኦሮሚያ የተከበበ፤ እዚህ ቢከለከል ገበያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሸሻል፣ ዛፉ መቆረጡ ግን አይቀርም። በቦታው የገባው የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ማእድ ቤት በሦስት ዓመት ከእንጨትና ከከሰል እንዲወጣ ነው።

ቋሚ ኮሚቴው የጽሑፍ አስተያየት እየተቀበለ ነው። የምትጽፉ ካላችሁ በአንድ ገጽ፣ የአንቀጹን ቁጥር ጠቅሳችሁ፣ እንዲገባ የምትፈልጉትን ቃል ራሱን ጻፉ፤ «ይታሰብበት» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይተኛል።

ለውይይቱ ማሳያ የቀለጡ ሶኬቶችና የተቃጠሉ ሽቦዎች ያዋሳችሁን ስማችሁ ተለጥፎባቸው ተቀምጠዋል። ኮሚቴው ሁለቱን እንዲያቆይ ጠይቋል፤ የቀሩትን መጥታችሁ ውሰዱ።