«በራስህ እመን» ከሚለው ምክር የጎደለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሙያ ለመቀየር ለሚያቅማማ ሰው ሁሉም የሚለግሰው ምክር «በራስህ እመን» የሚል ነው። ምክሩ ክፋት የለውም፤ እንዴት የሚለው ግን ይቀርበታል። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት ሰው በችሎታው ላይ ያለው እምነት ከአራት ምንጭ እንደሚቀዳ ጽፏል፦ ራሱ ሠርቶ ከተሳካለት ነገር፣ መሰሎቹ ሲሳካላቸው ከማየት፣ ከሰዎች ማበረታቻና ከገዛ ሰውነቱ ስሜት። ጠንካራው የመጀመሪያው ነው። እኛ ግን ለተጨነቀ ሰው የምናቀብለው ሦስተኛውን ብቻ ነው።

«ልቤ ነግሮኛል» የሚሉም አሉ። ልብ ከየት አወቀው? ዳንኤል ካነማንና ጋሪ ክላይን በዚህ ጉዳይ የማይስማሙ ተመራማሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 አብረው ባሳተሙት ጽሑፍ ግን የልብ ግምት የሚታመነው ነገሩ ወጥ ሥርዓት ሲኖረውና ሰውየውም ደጋግሞ እየሠራ የግምቱን ውጤት ሲያይ ነው ብለው ተስማሙ። አሥር ዓመት በኖሩበት ሙያ «ይህ አይሆነኝም» የሚለው ስሜት እንግዲህ መሠረት አለው። «ያኛው ይሆነኛል» የሚለው ግን ገና አልተፈተነም። ለመውጣቱ ልብን መስማት ይቻላል፤ ለመግባቱ ልብን አስቀድሞ ማስተማር ያስፈልጋል።

ማስተማሪያው ሥራ ሳይለቁ በሳምንት 5 ወይም 6 ሰዓት፣ ለ8 ሳምንት አዲሱን ሥራ መሥራት ነው። መማር አላልኩም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከአንዱ ሥልጠና ወደ ሌላው እየዞሩ የምስክር ወረቀት ይሰበስባሉ፣ ሥራቸውን ግን ማንም ከፍሎ አይቶት አያውቅም። ክፍያው ትንሽ ይሁን፤ ቀነ ገደብ የሚሰጥና ካልወደደው የሚመልስ ተቀባይ ግን መኖር አለበት።

ከዚያ አንድ ደብተር ይያዝ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቀኑ፣ የሥራው ዓይነት፣ የሚፈጀው ሰዓትና ተቀባዩ ሳይመልስ የመቀበሉ ዕድል በመቶኛ ይጻፍ። ሲያልቅ ከጎኑ የሆነው ይሞላ። ከሒሳብ ሥራ ወደ ግራፊክ ዲዛይን መዞር የምታስብ ሴት ብንወስድ፣ አንዱ መስመሯ «ማስታወቂያ፣ 4 ሰዓት፣ 80 በመቶ» ይላል እንበል። ከጎኑ ደግሞ «9 ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፣ ጽሑፉ ከሩቅ አይነበብም»። ይህ ሊያስደነግጣት አይገባም። 12 ወይም 15 መስመር ሲሞላ መታየት ያለበት ግምቷና ውጤቱ እየተቀራረቡ መሆናቸው ነው። ከተቀራረቡ በግምቷ ለመታመን ማስረጃው በእጇ አለ። ካልተቀራረቡ 4 ሳምንት ትጨምር። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ትበል፦ ሥራው ሲመለስባት ለማረም ተቀመጠች ወይስ ሦስት ቀን ሸሸችው? ወረት ጅማሬን ይወዳል፤ እርማት ላይ ይሰለቻል። ግምቱ በቃል ከተያዘ ግን ዋጋ የለውም፤ ሰው ውጤቱን ካየ በኋላ «ድሮም አውቄው ነበር» ማለቱ አይቀርም።

የሚያማክሩት ሰው ቢበዛ ሦስት ይበቃል፤ እነሱም አዲሱ ሙያ ውስጥ ከገቡ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ይሁኑ። ሃያ ዓመት የቆየ ሰው አገባቡን ረስቶታል። «ሥራው እንዴት ነው?» ከማለት «ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያሳያል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቁጠባን ለወሩ የግድ ወጪ ማካፈል ስንት ወር እንደሚያዘልቅ ይነግራል። ገቢ እስኪመጣ የሚገምቱት ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ያጥራል። ሮጀር ቢዩለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ከ55 ቀን በላይ ፈጅቶባቸዋል። ሙያ መቀየር ደግሞ ከመመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ ለመገመት የሚያስቸግር ይመስለኛል። ስለዚህ 6 ወር የገመተ ለ10 ወር ይዘጋጅ። ካልበቃው ደመወዙን እየበላ ሙከራውን ይቀጥል፤ ይህ ፈሪነት አይደለም። ጆሴፍ ራፊና ጂ ፌንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከቅጥር ሥራቸው ጎን የግል ሥራ ጀምረው ቆይተው የለቀቁ ሰዎች፣ በአንዴ ለቀው ከገቡት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው በሲሶ ያህል ያነሰ ነበር።

መልቀቂያው ከመጻፉ በፊት በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ የመመለሻ ምልክት ይሥፈር፤ ለምሳሌ «መጠባበቂያዬ 3 ወር ሲቀረው ገቢዬ የወጪዬን ግማሽ ካልሸፈነ በቀድሞ ሙያዬ ሥራ መፈለግ እጀምራለሁ»። ሦስት ወር ያልኩት ሥራ ፍለጋው ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ይህን ያልወሰነ ሰው መጥፎ ቀን በመጣ ቁጥር ማታ ማታ እንደ አዲስ ሲወስን ያድራል።

ጋዜጣችሁም ሊረዳ ይችላል። ሙያ ቀይረው ስለተሳካላቸው ሰዎች ስትጽፉ ሦስት ጥያቄ ጨምሩልን፦ ከመልቀቃችሁ በፊት አዲሱን ሥራ ስንት ሰዓት ሞከራችሁት? ስንት ወር የሚያኖር ገንዘብ ነበራችሁ? የመጀመሪያው ገቢ ካሰባችሁት ስንት ወር ዘገየ? መልሱ ግማሽ አምድ አይሞላም፤ ነገ ጠዋት መልቀቂያ ለማስገባት ላሰበ አንባቢ ግን የራሱን ቁጥር የሚያስተያይበት ይሆነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ