«አንተ ተኩስ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ይህን የምጽፍልህ ባና ተከናንቤ ነው።

አልዋሽህም፣ 4 ዓመት ዝም ያልኩህ አኩርፌ ነው። ስለ መንዝ አርበኞች የጻፍኩትን እንድታርምልኝ ብሰጥህ፣ ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አንተ ተኩስ ሰምተህ ታውቃለህ?» ብለህ መለስክልኝ። ከነከነኝ።

መልሱን ያገኘሁት ጆን ኪገን ከሚባል እንግሊዛዊ የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ነው። በ13 ዓመቱ የአጥንት ቲቢ ይዞት ዓመታት ሆስፒታል ተኛ። እያነከሰ ቀረ፤ ወታደርነት የማይታሰብ ሆነ። ግን ከ1960 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ አስተማረ። አስበው! ነገ ጦር የሚመሩ ጎረምሶች ፊት የሚያነክስ መምህር ቆሞ ስለ ውጊያ ሲያወራ። በ1976 ያወጣው መጽሐፉ ላይ ገና ሲጀምር፣ ውጊያ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ብሎ ቁጭ አደረገው። ከዚያ አዥንኩር፣ ዋተርሉና ሶም የሚባሉትን ታላላቅ ውጊያዎች ከጄኔራሎች ካርታ ላይ አውርዶ፣ ተራው ወታደር ምን አየ፣ ምን ሰማ፣ ለምንስ አልሸሸም ብሎ ጠየቀ። ኋላ ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ገብቶ የመከላከያ ጉዳዮች አዘጋጅ ሆነ። ሁሉን አልወደድኩለትም፤ የ2003ቱን (እ.ኤ.አ.) የኢራቅ ጦርነት መደገፉ ጭራሽ አልጣመኝም።

ከዚያ የራሴን ጽሑፍ መልሼ አነበብኩት። ወይ ጉድ! ደጃዝማች እገሌ፣ ፊታውራሪ እገሌ፤ ሰው የለበትም። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ጣሊያን «አመጸኛ ዋሻ» በሚባለው ዋሻ ውስጥ በመርዝ ጋዝ የፈጀውን ሕዝብ በአንድ መስመር ዘልየዋለሁ። ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ቁስለኛው ሁሉ እዚያ ነበር። እኔ የአርበኞቹን መሪ ብቻ ይዤ ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ አበበ አረጋይ እላለሁ።

በጥቅምት መንዝ አክስቴ ዘንድ ወጣሁ። እናቷ ስለዚያ ዘመን ምን እንደነገረቻት ጠየቅኳት። ጀግና ልታወራልኝ ነው ስል የበሶ ነገር አመጣች። እሳት አይነድም፣ ጢሱ ያጋልጣል። ስለዚህ በሶውን በደረቁ ይቅሙታል። ልጅ ሲያለቅስ አፉ ላይ ጣል ያደርጉለታል፤ ችግሩ ደግሞ ደረቅ በሶ ያስላል። ሳሉ እንዳይሰማ ፊቱን ነጠላቸው ውስጥ ይቀብሩታል። ይህን ስትነግረኝ መዳፏን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

ከዚያው ከበሶው ጀምሬ እንደገና እየጻፍኩ ነው። ለጥምቀት ቀይ እስክሪብቶህን ይዘህ ና። ጋቢም አትርሳ፣ ያለኝ ባና አንድ ነው።

ወንድምህ
ከደብረ ብርሃን