የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ አንድ ኩንታል በቆሎ

ዘንድሮ ክበባችን 26 አባላት ነበሩት። ዓመቱን ሙሉ የያዘን ግን አንድ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሚመረተው በቆሎ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ወደ ኢታኖል ፋብሪካ፣ ማለትም ለመኪና ነዳጅ የሚሆን አልኮል ወደሚሠራበት እንደሚሄድ ነገርኳቸው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ ታዲያ ሰው ምን ይበላል?»

መልስ ከመፈለጋችን በፊት በእጃችን እንሞክረው አልን። የበቆሎ ዱቄት እንደ ገንፎ አበስለን፣ በረድ ሲል ብቅል፣ ለብ ሲል ደግሞ እርሾ ጨመርንበት። ጠርሙስ ውስጥ ከተን አፉ ላይ ፊኛ አሰርን። የመጀመሪያው ጠርሙስ ዝም አለ። ቸኩለን ኖሮ ሙቀቱ እርሾውን ገድሎታል። ሁለተኛው ግን በማግስቱ ፊኛውን ነፍቶ ጠበቀን፤ ክፍሉም ጠላ ጠላ ሸተተ። ብቅሉ ስታርቹን ስኳር ያደርገዋል፣ እርሾው ስኳሩን አልኮል። አረቄ የሚወጣውም እንዲሁ ነው፤ ፋብሪካውም መሠረቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ወደ ስሌቱ ገባን። ከአንድ ኩንታል በቆሎ 40 ሊትር ገደማ ኢታኖል ይገኛል። ጉልበቱ ከቤንዚን ስለሚያንስ መኪና የሚወስደው 27 ሊትር ቤንዚን የሚወስደውን ያህል ነው። አተላው ለከብት መኖ ይሆናል፣ እውነት ነው። ግን ያው ኩንታል አንድ ሰው ግማሽ ዓመት ያህል ይቀልባል። ይህን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ አለ። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። የኩንታልን ክብደት ትከሻቸው ያውቀዋል።

ቢሆንም ባዮፊውልን (ከዕፅዋትና ከተረፈ ምርት የሚሠራ ነዳጅን) በጅምላ እንዲጠሉት አልፈለግሁም። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል የሚያወጣው ከሞላሰስ ነው፤ ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚተርፈው። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 ከመቶ ኢታኖል መቀላቀል ሲጀመር የማንም መሶብ አልጎደለም።

እኛ ጅማ ደግሞ ቡና አለን። ጀንፈሉ ሲቀሸር የሚቀረው ገለፈት ተራራ ያክላል። በሚያዝያ አምስት ጆንያ አምጥተን በርሜል ውስጥ አከሰልን። በጭቃ ለውሰን፣ በእጃችን ጠፍጥፈን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። የመጀመሪያው ዙር ጭቃው አንሶት ተፈረካከሰ። ሁለተኛውን የግንቦት ዝናብ ሊበላው ሲል ልጆቹ ተሯሩጠው አስገቡት።

በሰኔ የመምህራን ቡና በዚያ ከሰል ተፈላ። ሲያያዝ ትንሽ ጨሰ። ከዚያ በኋላ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ አንድም ከሰል አልጨመርንበትም።