ለፊዚዮቴራፒ የሪፈር ወረቀት ግዴታ አይሁን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምጽፈው ፊዚዮቴራፒስት (የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመምን በእንቅስቃሴና በመሳሰሉት የሚያክም ባለሙያ) ዘንድ ለመታከም የሐኪም ሪፈር ግዴታ መሆን አለበት ወይ ስለሚለው ጉዳይ ነው። ግዴታው ቢነሳ ይሻላል ባይ ነኝ።

ወገቡን ያመመው ሰው ለወረቀት ብቻ ተራ ሲጠብቅ ጊዜው ይነጉዳል። እስከዚያ መንቀሳቀስ ይፈራል፤ ጡንቻው ይዝላል፤ ሕመሙም ሥር ይሰዳል። ለአብዛኛው አዲስ የወገብ ሕመም ደግሞ የሚበጀው ተኝቶ መክረም ሳይሆን በአቅም መንቀሳቀስ ነው።

«ከባድ በሽታ ቢያመልጣቸውስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ፊዚዮቴራፒስቶች የአደጋ ምልክቶችን መለየት ይማራሉ፦ ሽንት መቆጣጠር ማቃት፣ የመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት። እነዚህን ሲያዩ ታካሚውን ወዲያው ወደ ሐኪም ይልካሉ። አውስትራሊያ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ ያለ ሪፈር ትፈቅዳለች። በአሜሪካም 50ዎቹ ግዛቶች ሁሉ፣ ገደባቸው ቢለያይም፣ ፈቅደዋል።

ስለዚህ የጤና ባለሥልጣናት ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም ሪፈሩን ያንሱ። መድን ሰጪዎችም ያለ ሪፈር የተሰጠ ሕክምናን ይሸፍኑ፤ አለዚያ ፈቃዱ ገንዘብ ላለው ብቻ ይሆናል። በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ያላሳየ ታካሚ ወደ ሐኪም እንዲላክም በመመሪያ ይደንገግ።