ለሥራ የቤት ማሽን አትግዢ

የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የአባትሽ ጉልበት በብርዱ ትንሽ አስቸግሮት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል።

ትናንት ማታ አክስትሽ ከሐዋሳ ደወለች። ለላውንደሪው ስድስት የቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ልትገዢ እንደሆነ፣ ከነገ ወዲያም ቀብድ እንደምትከፍዪ ነገረችኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በስልክ ብነግርሽ "እማ፣ ገባኝ ገባኝ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ወንድምሽ በቴሌግራም ይልክልሻል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ለሥራ የቤት ማሽን አትግዢ።

በአንድ የንግድ ማሽን ዋጋ ስድስት የቤት ማሽን ይመጣል፣ አንዱ ቢበላሽ አምስቱ ይሠራሉ ብለሻታል። ሞኝ ሐሳብ አይደለም። ግን እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ቤተሰብ በሳምንት አራት ጊዜ ቢያጥብ በዓመት 208 ዙር ነው፣ በ10 ዓመት 2,080። አንቺ ጋ አንዱ ማሽን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ስድስት ዙር ይሠራል። በወር 26 ቀን ብንል 156 ዙር፣ በዓመት 1,872። ሌላ ቤት 10 ዓመት የሚፈጀውን ሥራ አንቺ 14 ወር ሳይሞላ ትጨርሺዋለሽ።

ወንድምሽ በስልኩ ሲያነብልኝ፣ ሚሌ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ የቤት ማሽኖቹን የሚፈትነው ለ20 ዓመት አገልግሎት ብሎ ነው፤ ያ ወደ 5,000 ዙር ነው። ይሄ እንግዲህ በጥንካሬው ስም ያለው ነው። እሱም ቢሆን አንቺ ጋ ሦስት ዓመት አይሞላም። አንቺ ልትገዢ ያሰብሽው ደግሞ እሱን እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ፍጥነቱንም እዪው። የቤቱ ማሽን 7 ኪሎ ልብስ ይዞ ሁለት ሰዓት ይሽከረከራል። ባለ 20 ኪሎው የንግድ ማሽን ማስገቢያ ማስወጫውን ጨምሮ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። በሁለት ሰዓት 60 ኪሎ አጠበልሽ ማለት ነው። ስድስቱ የቤት ማሽኖችሽ ተባብረው 42 ኪሎ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስማ የቤቱ ውስጥ ቢገባም አይገላበጥም፣ መሐሉ ደርቆ ይወጣል።

እኔ ሆቴሉ ስቀጠር ያገኘሁት ማሽን ከ19 ዓመት በኋላ ስለቅም እዚያው ነበር። አልተበላሸም ማለቴ አይደለም። ጎማው ተቀይሯል፣ ቺንጋው ተቀይሯል፣ በርሜሉ የሚዞርበት ኩሽኔታም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ግን የጥገናው ሰውዬ ብሎኑን ፈቶ፣ ኩሽኔታውን አውጥቶ፣ አዲሱን መትቶ ያስገባል። በማግሥቱ አንሶላ ይታጠባል። ዕድሜ የሰጠው ብረቱ ብቻ አይደለም፣ ተፈትቶ መጠገኑም ነው።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው የተሳሳትኩት።

በ2003 ሆቴሉን ለቅቄ፣ የእቁቡ ብር ሲወጣልኝ፣ ኅዳር ላይ ያቺን ነጭ ማሽን ገዛኋት። የጥገናው ሰውዬ "ይሄ የቤት ነው፣ ሥራሽን አይችለውም" ብሎኝ ነበር። ሻጩ ደግሞ "ለቤትም ለሥራም ይሆናል" አለኝ። ሻጩን ሰማሁ። የፔንስዮኑን አንሶላ ኮንትራት ይዤ ስለነበር ቸኩዬ ነበር። የዋስትናው ወረቀት ላይ ለንግድ ከዋለ ዋስትናው አይሠራም እንደሚል ያነበብኩት በኋላ ነው።

በ14ኛው ወር፣ ጥምቀት ሊገባ ሲል፣ ስትጨምቅ እንደ ወፍጮ ማጉረምረም ጀመረች። ትዝ ይልሻል፣ ማታ ማታ እየጮኸች ማጥናት አቅቶሽ ጓዳ ትገቢ ነበር። ጥር 8 ቀን የጎረቤት ጋቢ ሳወጣ ጫፉ ላይ እንደ ዝገት ያለ ቡናማ ቅባት አየሁ። እጄን አስገብቼ ባዶውን በርሜል ወደ ላይ ሳነሳው እንደሚነቃነቅ ጥርስ ተላወሰ። ጠጋኙ ሲከፍታት ውሃ በጎማው አልፎ ኩሽኔታውን በልቶታል። በርሜሉን ከኋላ የሚይዘው ባለ ሦስት እግር አሉሚኒየምም በሳሙናው ተቦርቡሮ አንዱ እግሩ ተሰንጥቋል። የውጭው ላስቲክ ገንዳ ደግሞ ተጣብቆ የተሠራ ነው፣ አይፈታም። "ሙሉውን ካልቀየርሽ አይሆንም" አለኝ። የሙሉው ዋጋ የማሽኑን ግማሽ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብለን አላወራነውም። ኮንትራቱን ላለማጣት በእጅ ማጠብ ጀመርኩ። አንቺ የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ተፈታኝ ነበርሽ። ከትምህርት ቤት መጥተሽ ዩኒፎርምሽን እንኳ ሳትቀይሪ ሳፋው ጋ ትቀመጫለሽ። "ሂጂ አጥኚ" እልሽ ነበር፣ ግን ሁለተኛ አልደግመውም ነበር። አንሶላው ብዙ ነበርና። ጣቶችሽ በሳሙናው ተሰነጣጥቀው ቫዝሊን እየቀባሽ ስትጽፊ አይቻለሁ። ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት ሳይመጣ ሲቀር ምንም አላልሽኝም። አንድ ቃል አልተናገርሽም። ያ ዝምታሽ እስከ ዛሬ እዚህ ደረቴ ላይ አለ። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ። ርካሽ ገዛሁ፣ ዋጋውን ያስከፈልኩት ግን አንቺን ነው።

አሁን ደግሞ አንቺ ራስሽ ሁለት ልጆች ቀጥረሽ ልታሠሪ ነው። ማሽን ሲቆም ሳፋው ጋ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ለሥራ የቤት ማሽን አትግዢ።

በይ አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ቀብዱን አትክፈይ። መጀመሪያ መብራት ኃይል ሂጂና ለዚያ ቤት ስሪ ፌዝ የሚባለው ባለ ሦስት መስመር ቆጣሪ ይገባ እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ እንደሚገባ ጠይቂ። ትልልቁ ማሽን አብዛኛው ያለዚያ አይነሳም። ከአከራይሽ ጋር ወለሉን ሰብረሽ ኮንክሪት ማፍሰስ እንደምትችዪ በጽሑፍ ተስማሚ፤ በቃል አይሆንም። መሬት ላይ በብሎን የሚታሰር ማሽን ተራ ሊሾ ላይ ከተቀመጠ ወለሉን ይሰነጥቀዋል። ቤቱ ምድር ቤት መሆኑ እሰየው ነው። ውሃ ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ሮቶውን ትልቅ አድርጊ። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ማንቆርቆሪያሽን ገልብጠሽ እዪ። ነጭ ቅርፊት ካለው ያው ቅርፊት የማሽኑ ማሞቂያ ላይም ይጋገራል። ለእጅ የሚሆነውን ዱቄት ሳሙናም አትጠቀሚ፣ አረፋው ይበዛል።

ብሩ ለአዲስ ካልበቃ የተገለገለ የንግድ ማሽን ፈልጊ፣ ባለ 10 ኪሎም ቢሆን። ስትሄጂ ጠጋኝ ይዘሽ ሂጂ። ባዶውን በርሜል በእጅሽ አንሺው፤ ከተላወሰ ተመለሺ። በባዶው ሲጨምቅ ስሚው። ከኋላ የውሃ መንገድ የሠራ ዝገት ካለ ተመለሺ። መለዋወጫው አገር ውስጥ መኖሩን ከሻጩ ሳይሆን ከጠጋኙ ጠይቂ። ለራስሽ ቤት ግን የቤቱን ግዢ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ስታጥቢ ዓመታት ያገለግልሻል። እኔ የምልሽ ለሥራው ነው።

ምሳ አትዝለዪ። አክስትሽ ከስተሻል አለችኝ። ሽሮና በርበሬ በቅዳሜው አውቶቡስ ልኬያለሁ፣ ሽሮው በቢጫው ፌስታል ነው። እቁቤ መጋቢት ላይ ይወጣል፣ ላንቺ ነው ያሰብኩት። እስከዚያ ከታገሥሽ ለአንድ ደህና ማሽን ይሞላልሻል። አባትሽም ተስማምቷል።

ቀብዱን ቀድመሽ ከፍለሽ ከሆነም ደውይልኝ። አልቆጣም።

እናትሽ